አዲስ የመጡ የስደተኛ ቤተሰቦችን ስናግዝ፦ የአስጠኚው ድርሻ እስከ የት ነው?

አዲስ አስጠኚ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

በበጎ ፈቃደኝነት የስደተኛ ልጆችን ማስጠናት ከጀመርኩ ገና አጭር ጊዜ ነው። የተመደብኩለት ቤተሰብ እናት፣ አባትና ሦስት ልጆች ያሉበት ነው። በወረቀት የተሰጠኝ ሥራ የአሥራ ሦስት ዓመቱን የበኩር ልጅ በሒሳብና በአዲሱ አገር ቋንቋ ማገዝ ነው። እቤታቸው ስደርስ ግን ከደብተሩ አስቀድሞ የሚቀርብልኝ የደብዳቤ ክምር ነው፤ ከትምህርት ቤት፣ ከጤና ጣቢያ፣ ከቤት አከራይ፣ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የመጣ። ልጁ እያነበበ ለእናቱ ይተረጉማል፤ ያልገባውን ወደ እኔ ይመልሰዋል። አባትየው ከጎን ተቀምጦ ያዳምጣል እንጂ ቃል አይተነፍስም። "ይህ የእኔ ሥራ አይደለም" ብዬ ደብዳቤውን መመለስ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ሁሉንም ልያዘው ብል ደግሞ ሰዓቱ ያልቅና ልጁ ሳይማር እለያቸዋለሁ።

ሌላው የሚያሳስበኝ የልጁ ዝምታ ነው። የጻፍኩለትን አንድ ሳያስቀር ይገለብጣል፤ "ገባህ?" ስለው ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ ውጪ ምንም አይናገርም። ከእህቶቹ ጋር በራሳቸው ቋንቋ ሲጫወት ግን ወሬው አያልቅም። ስላልገባው ነው ወይስ ፈርቶ? በዚህ ሥራ የቆያችሁ ብትመክሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የጠመኔ እጅ

ልጄ፣ ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልነሣ፤ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በማስተማር ስለሆነ እሱን ይበልጥ አውቀዋለሁ።

ዝምታው አያስደንግጥሽ። አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገቡ ብዙ ልጆች አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ለሳምንታት፣ አንዳንዶቹም ለወራት ያዳምጣሉ። በዚያ ጊዜ ጆሯቸው ሥራ አልፈታም። ስለዚህ "ተናገር" እያልሽ አትጎትጉቺው። በጣቱ እንዲያሳይ፣ እንዲስል፣ የተጻፉ ዓረፍተ ነገሮችን በቅደም ተከተል እንዲደረድር፣ እውነት ወይም ሐሰት ብሎ ምልክት እንዲያደርግ ዕድል ስጪው። ከእህቶቹ ጋር እንደ ልቡ የሚያወራ ከሆነ ጤነኛ ነው። በራሱ ቋንቋም፣ እቤቱም ውስጥ ዝም ያለ ልጅ ቢሆን ኖሮ ግን ለትምህርት ቤቱ ወይም ለጤና ባለሙያ መነገር ያለበት ነገር ይሆን ነበር።

"ገባህ?" የሚለውን ጥያቄም ተዪው። በእንግዳ ሰው ፊት "አልገባኝም" የሚል ልጅ ጥቂት ነው፤ እንግዳው በበጎ ፈቃድ መጥቶ ሲደክምለት ደግሞ ይበልጥ ይከብደዋል። በምትኩ "አሳየኝ" በዪው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የቁጥር አጻጻፉን ከልብ ተመልከቺ። በሱዳን፣ በሶሪያ ወይም በኢራቅ ትምህርት ቤት የጀመረ ልጅ በሚያውቀው አጻጻፍ አምስት ቁጥር ክብ ሆና ትጻፋለች፣ ዜሮ ደግሞ ነጥብ ናት፣ ስድስት ደግሞ 7ን ትመስላለች። እንዲህ ያለ ልጅ 10 የሚለውን አይቶ ዐሥራ አምስት፣ 17ን አይቶ ዐሥራ ስድስት ብሎ ሊያነብ ይችላል። መልሱ ሁሉ ስሕተት ሆኖ ይታይሻል፤ ስሌቱ ግን ትክክል ነው። ደብተሩ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ተከትለሽ "ሒሳብ አይችልም" ከማለትሽ በፊት ቁጥሮቹን ከዜሮ እስከ ዘጠኝ በለመደው መንገድ እንዲጽፍልሽ ጠይቂው። ሥርዓተ ነጥቡም እንዲሁ ነው፤ በአንዳንድ አገር አሥርዮሹ በነጥብ ይለያል፣ በአንዳንድ አገር በኮማ። አንድ ሺህ የነበረው አንድ ይሆናል፣ አንድ የነበረው አንድ ሺህ።

ቀጥሎ የሚመጣብሽን ከወዲሁ ልንገርሽ። ልጁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መናገር ይጀምራል፤ ዓመት ሁለት ዓመት ሲሞላው ከጓደኞቹ ጋር ያለ ችግር ይግባባል። ያኔ ሁሉም "ቋንቋውን ቻለ፣ ከእንግዲህ እገዛ አያስፈልገውም" ይላል። በካናዳ የሚሠራው ምሁር ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲያስረዳ የኖረው ይህንኑ ነው፦ የዕለት ተዕለት ንግግር በሁለት ዓመት ገደማ ይለመዳል፤ የመማሪያ መጽሐፉን፣ የፈተናውን፣ የታሪኩንና የሳይንሱን ቋንቋ ከእኩዮቹ እኩል ለማድረስ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይወስዳል። እገዛው ይበልጥ የሚያስፈልገው ሁሉም ሰው "በቃው" በሚልበት ሰዓት ነው። ከቻልሽ ያን ጊዜ ከጎኑ ሁኚ።

የሕፃናት መጽሐፍ እንዳታመጪለት አደራ። የአሥራ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ያለፈበትን መንገድ ስንቱ ትልቅ ሰው አላለፈበትም። ቋንቋው ቀላል፣ ጉዳዩ ግን ለዕድሜው የሚመጥን ጽሑፍ ፈልጊ፤ ካጣሽ አንቺው ጻፊለት። ነገ በክፍል የሚማሩትን ምዕራፍ ዋና ዋና ቃላት ዛሬ አስቀድመሽ ብታስተምሪው ክፍሉ ውስጥ አንድ ጊዜም ቢሆን እጁን የሚያወጣበት ቀን ይመጣል።

ሁለት ልሳን

መምህር የጻፉት እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ስለ ደብዳቤዎቹ ልናገር። ሙያዬ አስተርጓሚነት ነው።

እህቴ፣ ልጁ ለእናቱ መተርጎሙ መቆም አለበት። የጤና ጣቢያውን ደብዳቤ አስቢው። የምርመራ ውጤት ሊሆን ይችላል። የአከራዩ ደብዳቤ "ቤቱን ልቀቁ" የሚል ሊሆን ይችላል። ያን ወሬ ለእናቱ የሚያረዳት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ ሊሆን ነው። የቤቱን ዕዳ፣ የእናቱን ሕመም፣ የጥገኝነት ጉዳያቸው የደረሰበትን ሁሉ ከማንም በፊት ያውቃል፤ የትኛውን እንደሚናገርና የትኛውን እንደሚውጥም ብቻውን ይወስናል። ከዚያ በኋላ ዐሥራ ሁለት ሲካፈል ለሦስት ላይ ልቡ አይቀመጥም።

የምመክርሽ ይህን ነው። ከመጀመሪያው ሩብ ሰዓት በላይ ለደብዳቤ አትስጪ። በዚያ ሩብ ሰዓት ከእናትና ከአባት ጋር ሆነሽ ለዩት፤ የመልስ ቀን ያለው ለብቻ፣ የሚቀመጠው በአንድ ፋይል፣ ማስታወቂያው ወደ ቅርጫት። የመልስ ቀኑን በወላጆቹ የቀን መቁጠሪያ ላይ በእነርሱ እጅ እንዲጻፍ አድርጊ። የምላሹን ሥራ ግን ወደሚመለከተው ሰው ምሪ፤ የጉዳይ አስፈጻሚያቸው፣ የሕግ ድጋፍ ሰጪው፣ የትምህርት ቤቱ ማኅበራዊ ሠራተኛ ማን እንደሆነ ስልኩ በትልቁ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

በብዙ አገር ሆስፒታሎችና ፍርድ ቤቶች አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ያቀርባሉ፤ ነገር ግን ቀጠሮ ሲያዝ መጠየቅ አለበት። ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ከየትኛው አገርና አካባቢ መሆኑንም ይናገሩ። አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሁለት ሰዎች በጦርነቱ በተቃራኒ ወገን የቆሙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በእንዲህ ያለ አስተርጓሚ ፊት ሕመምተኛው እውነቱን አይናገርም። እናትየው ሴት አስተርጓሚ ከፈለገችም አስቀድማ ትጠይቅ።

ቀለም ቀንድ

ሁለት ልሳን ያሉትን አከብራለሁ፤ ግን በተግባር አይሆንም። የትምህርት ቤት ጥሪ በየቀኑ ይመጣል፣ የቧንቧ ሠራተኛ በር ያንኳኳል፣ ስልክ ይደወላል። ለዚህ ሁሉ ባለሙያ አስተርጓሚ ከየት ይመጣል? ልጁ ብንፈቅድም ብንከለክልም ይተረጉማል። ቤተሰቡን መርዳቱ የሚያኮራው ልጅም አለ፤ እሱን "ተው" ማለት እናቱን ብቻዋን ጥሎ እንዲያያት መፍረድ ነው።

ሁለት ልሳን

ወንድሜ ቀለም ቀንድ፣ የቧንቧ ሠራተኛውን ጉዳይ እቀበላለሁ። ለልጁ የማይከብደውን ይተርጉም፤ መኩራቱም ተገቢ ነው። የእኔ ድንበር ሕመም፣ ገንዘብ፣ የጥገኝነት ጉዳይና የወላጆች የግል ነገር ነው። በእነዚህ በአራቱ ላይ በር ላይ ያለ ጎረቤት እንኳ ቢሆን ትልቅ ሰው ይሻላል፤ በስልክ የሚሠሩ አስተርጓሚዎችም አሉ።

የሩቅ መንገደኛ

እኔ የምጽፈው ከሌላው ወገን ሆኜ ነው። ደብዳቤ ከሚነበብበት ጠረጴዛ አጠገብ የነበረው ልጅ እኔ ነበርኩ።

አባቴ ስደት ሳይመጣ የሒሳብ መምህር ነበር። በተሰደድንበት አገር ቤታችን የሚመጡት በጎ ፈቃደኞች ደጋግ ሰዎች ነበሩ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን ሁሉም የሚያነጋግሩት እኔን ነበር። ፊታቸው ወደ እኔ፣ ጥያቄያቸው ለእኔ። አባቴ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆነ። ሲቆጣኝ እንኳ ድምፁ የድሮው አልነበረም።

ከመካከላቸው አንዲት ሴት ብቻ ለየት አለች። አንድ ቀን 952ን ለ7 ማካፈል አቅቶኝ ተቀምጫለሁ። እርሷ ለእኔ ማስረዳቱን ትታ ወረቀቱን ወደ አባቴ አዞረችና እርሳሱን ሰጠችው። አባቴ ትንሽ ዝም ብሎ አያት። ከዚያ ተካፋዩን በግራ ጻፈ፤ ቁልቁል መስመር አሰመረ፤ አካፋዩን በቀኝ አደረገ፤ ድርሻውን ከበታቹ እያወረደ 136 ላይ ደረሰ። እርሷ ደግሞ ከጎኑ በትምህርት ቤቴ መንገድ ሠራችው፤ አካፋዩ በግራ፣ ድርሻው ከላይ። 136። ሁለቱ ቋንቋ ለቋንቋ አይተዋወቁም፤ ግን አንዱ የሌላውን ወረቀት እየተመለከተ ራሱን ሲነቀንቅ እኔ በመካከላቸው ቆሜ ሁለቱንም መንገድ ያዝኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ሒሳብ የአባቴ ሆነ። ሴትዮዋ የምታግዘኝ "ድርሻ"ና "ቀሪ" በአዲሱ ቋንቋ ምን እንደሚባሉ ብቻ ነበር።

አዲስ አስጠኚ፣ "አባትየው ቃል አይተነፍስም" ያልሽውን ሳነብ አባቴ መጣብኝ። ያ ሰው ሙያው ምን ነበር? ግንበኛ ከሆነ ስፋትና መጠን ያውቃል። ነጋዴ ከሆነ መቶኛን በቃሉ ያሰላል። ፊደል ያልቆጠረ ቢሆን እንኳ ልጁ ያነበበለትን አዳምጦ በራሳቸው ቋንቋ ሊጠይቀው ይችላል። እርሱን ሳትይዢ ልጁን ብቻ ካስጠናሽ ውጤቱ ይሻሻል ይሆናል፤ ቤቱ ግን አባት ያጣል።

መዝገብ ያዥ

የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነኝ። የሩቅ መንገደኛ የተናገረው ልቤን ነክቶታል፤ በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሁሉ ቢያነበው እወድ ነበር። እኔ ጥንቃቄ ስለሚሹ ነገሮች ልጨምር።

ከኢሚግሬሽን በመጣ ፎርም ላይ እጅሽን አታሳርፊ። ቅንነት አያድንም። የቀን ጉዳይ ብቻ ስንት ነገር እንዳበላሸ የምናውቀው እኛ ነን። የኢትዮጵያና የኤርትራ ሰው ዓመቱን በግዕዙ አቆጣጠር ሲናገር ከኤውሮፓው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለው፤ የአፍጋኒስታን ሰው የሚቆጥረው የፀሐይ አቆጣጠር ደግሞ በ621 ወይም በ622 ዓመት ያንሳል። የልደት ቀኑ የማይታወቅ ብዙ ስደተኛ መዝገቡ ላይ "ጃንዋሪ 1" ተብሎ ይሰፍራል። በጎ ፈቃደኛው ይህን አይቶ "ተሳስቷል" ብሎ በገዛ ፈቃዱ ያስተካክላል። ከዚያ በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅና በፎርሙ መካከል ልዩነት ይገኛል፤ የሚጠየቀው ግን ስደተኛው ነው፤ "ዋሽተሃል" ይባላል። ፎርሙን ወደ ሕግ ባለሙያ ውሰዱት በያቸው፤ ካስፈለገ አብረሽ ሂጂ፤ አትሙዪ።

ስለ ጉዟቸው አትጠይቂ። የዓለም ጤና ድርጅትና ሁለት ሌሎች ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት የመጀመሪያ ደረጃ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ ላይ የተቀመጠው ምክር ግልጽ ነው፤ ሰውን የደረሰበትን እንዲተርክ አታስገድድ፣ መናገር ከፈለገ ግን አዳምጥ፣ ከዚያም እርዳታ ወደሚገኝበት አገናኝ። ልጁ አንድ ቀን በሥዕሉ ወይም በድርሰቱ ውስጥ የሚያስፈራ ነገር ቢያመጣ አትደንግጪ፣ አትመርምሪም፤ "ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ" ብለሽ ለላከሽ ድርጅት አስተባባሪ አሳውቂ። በምስጢር እንደምትይዢለት ግን ቃል አትግቢለት፤ ለደኅንነቱ ሲባል ለሌላ መነገር ያለበት ነገር ሊሆን ይችላል።

ፎቶግራፍ አታንሺ፣ በማኅበራዊ ሚዲያም አትለጥፊ። ፈቅደውልሽ ቢሆን እንኳ። እቤት የገባች እንግዳ "ላንሣችሁ?" ስትል እምቢ ማለት የሚችል ማን ነው? ከተሸሹት ሰዎች መካከል ኢንተርኔት የሚመለከት አለ፤ አገር ቤት የቀረች አክስት፣ እስር ቤት ያለ ወንድም አለ።

በመጨረሻም፣ የምታስጠኚው በሩ በተከፈተ ክፍል፣ ወላጅ ባለበት ይሁን። ይህ ልጁንም አንቺንም ይጠብቃል።

እናት ዓለም

ሁሉ ነገር "አታድርጊ" ሆነ እኮ። ልጅ በብርድ ሲንቀጠቀጥ አይቼ "የእኔ ድርሻ ሒሳብ ነው" ብዬ ልውጣ? እኔ ለማግዛቸው ልጆች ጫማም ገዝቻለሁ፣ ኮትም ሰጥቻለሁ፣ ወደፊትም እሰጣለሁ። ደንብ የተሠራው ለሰው ነው።

መዝገብ ያዥ

እናት ዓለም፣ ልጁን ኮት አልብሺው፤ የሚከለክል የለም። የምለው በየትኛው በር ይግባ ነው። በድርጅቱ በኩል ሲሰጥ ቤተሰቡ የአንድ ሰው ጥገኛ አይሆንም፤ ጎረቤት ያሉት ቤተሰቦችም "ለእኛ ለምን አልመጣም?" አይሉም። በቀጥታ ከእጅሽ ሲሆን በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ አልተዘጋጀም ብለሽ ስትወቅሺው እናቱ ኮቱን ታስባለች። ማስጠናቱ ውለታ መመለሻ ይሆንባቸዋል።

እናት ዓለም

የምትሉት ይገባኛል፤ ግን ድርጅቱ ኮቱን እስኪያመጣ ክረምቱ ያልፋል። በዚህ ላይ አንስማማም፤ ስለሚያሳስባችሁ ግን አመሰግናለሁ። ለአዲስ አስጠኚ አንድ ነገር ልበል፦ እናትየዋን አትርሺያት። ብዙ ቦታ የቋንቋ ትምህርት ለወላጆች አለ፤ እናቶች የሚቀሩት ሕፃን የሚይዝላቸው ስለሌለ ነው። ሕፃን ማቆያ ያለው ክፍል ፈልጊላት። እስከዚያው ልጁ ሲያጠና እርሷም ደብተር ይዛ ከጎኑ ትቀመጥ። ስሟን፣ አድራሻዋን፣ የልጆቿን ልደት ራሷ ስትጽፍ ያን ጊዜ ደብዳቤው አያስፈራትም።

አዲስ አስጠኚ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ ቁጥሮቹን በለመደው መንገድ እንዲጽፍ ጠየቅሁት፤ እንዳሉት ነው፤ ክቧም ነጥቧም። አሁን ሠንጠረዥ ሠርተን ደብተሩ ሽፋን ላይ ለጥፈናል። አባትየው የልብስ ስፌት ባለሙያ ኖሯል። ስለ ክፍልፋይ ስንማር የሜትር መለኪያውን አምጥቶ ሩብና ሲሶን በጨርቅ ላይ አሳየን፤ ልጁም ቁጥሮቹን በአዲሱ ቋንቋ ጮክ ብሎ ጠራለት።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። የልጁ ክፍል ኃላፊ ወላጆቹን "እቤት በአዲሱ አገር ቋንቋ ብቻ አናግሩት" ብላቸዋለች፤ እነርሱ ደግሞ የሚችሉት ጥቂት ቃል ነው። መካከለኛዋ ልጅ ደግሞ "ቦታ የለም፣ ወረቀታችሁም አልተሟላም" ተብላ እስካሁን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አልገባችም።

የጠመኔ እጅ

ልጄ፣ የክፍል ኃላፊዋ በቅንነት ነው የተናገረችው፤ ምክሩ ግን ልጁን ይጎዳዋል። ወላጆቹ እቤት ውስጥ የሚናገሩት ሞልቶ የፈሰሰላቸውን ቋንቋ ይሁን። ለምን፣ እንዴት፣ ከዚያስ፣ ቢሆን ኖሮ የሚሉትን ጥያቄዎች ልጅ የሚለምደው ሐሳቡን በሙሉ ከሚገልጽለት ሰው ነው። እናቱ በተሰባበረ ቋንቋ "ብላ፣ ተኛ፣ ተነሣ" ብቻ ስትለው ምን ይማራል? ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ዘገባ ልጅ የሚማርበት ከሁሉ የተሻለው ቋንቋ የአፍ መፍቻው መሆኑን አስቀምጧል። በራሱ ቋንቋ ማንበብ የቻለ ልጅ በሁለተኛው ቋንቋ ማንበብን እንደገና ከሀ አይጀምርም። ኃላፊዋን አክብረሽ አነጋግሪያት፤ ወላጆቹ በቋንቋቸው በየምሽቱ ታሪክ እንዲያነቡለትና የክፍሉን ትምህርት እንዲያስረዳቸው ብታግባቢያቸው እርሷም ትደሰታለች።

መዝገብ ያዥ

ስለ መካከለኛዋ ልጅ፦ ይህ እገዛ ሳይሆን መብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 22 በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ስደተኞች ከአገሩ ዜጎች እኩል እንዲስተናገዱ ያዛል። በ1989 የወጣው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 28 ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም ነፃና ግዴታ እንዲሆን ይጠይቃል፤ እሱ የስደተኛነት ውሳኔ ገና ያላገኘንም ልጅ ይመለከታል። በአገሩ ሕግ ምን እንደሚል የሕግ ድጋፍ ሰጪው ይነግራችኋል። ለጊዜው አንድ ነገር አድርጉ፤ ወላጆቹ ሄደው ምዝገባውን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ እምቢ የተባሉበትንም ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጧቸው ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ "በጽሑፍ" ሲባል ቦታ ይገኛል። አንቺ አብረሽ ቁሚ፤ የሚናገሩት ግን እነርሱ ይሁኑ፤ አስተርጓሚም ይጠየቅ።

አዲስ አስጠኚ

ነገ ለአባትየው አሳየዋለሁ። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ያስጨንቀኛል። የሥራ ቦታዬ ስለሚቀየር ከዚህ የትምህርት ዘመን በኋላ ላልቀጥል እችላለሁ። መቼ ልንገራቸው?

የሩቅ መንገደኛ

እርግጠኛ የሆንሽ ዕለት ንገሪያቸው፤ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዪው። እነዚህ ልጆች ሳይሰናበታቸው የጠፋ ሰው ብዙ አላቸው፤ አያት፣ ጓደኛ፣ መምህር። አንቺም እንዲሁ ብትጠፊ "እኔ ምን አድርጌ ነው?" ይላል ልጁ። ለአስተባባሪው አሁኑኑ አሳውቂና የሚተካሽ ሰው አንቺ ገና እያለሽ ይምጣ፤ ጥቂት ጊዜ አብራችሁ አስጠኑ። የቁጥሮቹን ሠንጠረዥ፣ የደረሳችሁበትን ምዕራፍ፣ የተማራቸውን ቃላት ዝርዝር በአንድ ደብተር አስፍሪለት፤ ደብተሩ ግን ከአስጠኚ ወደ አስጠኚ አይዙር፤ ልጁ ዘንድ ይቀመጥና ለአዲሱ ሰው እርሱና አባቱ ያስረዱት። ልትፈጽሚው የማትችዪውን "እየመጣሁ እጠይቅሃለሁ" አትበዪው። መደወል የምትችዪ ከሆነ ቀኑን ቁረጪና በዚያ ቀን ደውዪ።